ሌዮን ፉኮ

ዣን ቤርናር ሌዮን ፉኮ (ሴፕቴምበር 18 ቀን 1819 – ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1868 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው መሬት በዛቢያዋ ላይ መሽከርከሯን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለቆመ ሰው በዓይን ባሳየው ፔንዱለም ነው። ከዚህ ሌላ የብርሃንን ፍጥነት ለክቷል፣ ጃይሮስኮፕን ሠርቶ ስም አውጥቶለታል፣ በብር የተለበጠ የብርጭቆ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕም አበጅቷል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙም የማይነሡ ሁለት ሥራዎቹ ግን በዛሬው የፋብሪካና የአውሮፕላን ጥገና ሥራ ከፔንዱለሙ ይልቅ ይጠቅማሉ። አንደኛው በ1855 በብረታ ብረት ውስጥ የሚዞረውን የኤሌክትሪክ ጅረት ያሳየበት ሙከራ ነው። ዛሬ የማሽን ክፍሎችን ሳይቆርጡና ሳይሰብሩ በገጻቸው ላይ ስንጥቅ የሚፈለገው በዚህ ጅረት ነው። ሁለተኛው የመስታወትን ገጽ እንከን በአንድ የቢላ ስለት የሚያጋልጠው ፈተና ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፉኮ የተወለደው በፓሪስ ከተማ ነው። አባቱ መጻሕፍት አሳታሚ ነበር፤ ሌዮን ገና ልጅ ሳለ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያሳደገችው እናቱ ስትሆን፣ ፉኮ ትዳር ሳይዝ ከእርሷ ጋር በአሳስ ጎዳና በሚገኘው ቤታቸው ኖሯል። ቤቱን ማንሳት ያስፈለገው ከታላላቅ ሙከራዎቹ አንዳንዶቹ በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በዚሁ ቤት ውስጥ ስለ ተካሄዱ ነው።

በልጅነቱ ሰውነቱ ደካማ ነበር። ኮሌዥ ስታኒስላስ የተባለ ትምህርት ቤት ቢገባም ወደ ኋላ ቀረ፤ ስለዚህ አስጠኚ ተቀጥሮለት ቤቱ ውስጥ ተማረ። እጁ ግን ሌላ ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ጀልባ፣ የቴሌግራፍ መሣሪያና የምትሠራ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በራሱ ሠርቷል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ልጅ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ይሆናል ተብሎ ስለታሰበ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። ሆኖም ደም ማየትና የታካሚ ሥቃይ መመልከት አልቻለምና ትምህርቱን ተወው።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ባዶ እጁን አልሰደደውም። አልፍሬድ ዶኔ የተባለ የማይክሮስኮፕ መምህር ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ፉኮ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነገሮችን ያኔ ገና አዲስ በነበረው ዳጌሮታይፕ (በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል የሚያስቀር የፎቶግራፍ ዘዴ) አነሣ፤ ምስሎቹም በ1845 ከዶኔ ትምህርት ጋር በአትላስ መልክ ታተሙ። በዚያው ዓመት ዶኔ ጁርናል ደ ዴባ በተባለው ጋዜጣ ላይ የነበረውን የሳይንስ ዘጋቢነት ለፉኮ ለቀቀለት። ወጣቱ በየጊዜው በሳይንስ አካዳሚ ስለሚቀርቡ ጽሑፎች ለሕዝብ መጻፍ ጀመረ፤ ሲያስፈልግም የታላላቅ ሰዎችን ሥራ ይነቅፍ ነበር። ይህ ልማዱ ኋላ ላይ ዋጋ ሳያስከፍለው አልቀረም።

ፉኮ ከፍተኛ ሒሳብ ተምሮ አያውቅም። በፓሪስ ታላላቅ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች ያለፉት ምሁራን ዘንድ ይህ ትልቅ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለ እርሱ የሚነገረውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማንበብ ይጠቅማል፤ ሌሎች በቀመር የሚደርሱበትን እርሱ በእጁ ሠርቶ ነበር የሚደርስበት።

ከፊዞ ጋር ወዳጅነትና ፉክክር

በሕክምና ትምህርት ላይ ሳለ ከኢፖሊት ፊዞ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ በአምስት ቀን ልዩነት የተወለዱ ነበሩ። አብረው የዳጌሮታይፕን ሥራ አሻሻሉ፤ በኤፕሪል 2 ቀን 1845 ደግሞ በፊቷ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች የሚለዩበት የፀሐይ ፎቶግራፍ አነሡ። የብርሃንን የሞገድ ጠባይም አብረው መረመሩ። በኋላ ግን ተለያዩ፤ እያንዳንዱም በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ለብቻው መሥራት ጀመረ።

ጥያቄው የቆየ ነበር። ብርሃን የጥቃቅን ቅንጣቶች ጎርፍ ከሆነ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ መፍጠን አለበት፤ ሞገድ ከሆነ ደግሞ መዘግየት አለበት። ፍራንሷ አራጎ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በፍጥነት በሚሽከረከር መስታወት ይህን መለየት እንደሚቻል በ1838 ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ስለ ሄደ ግን ሥራውን ለወጣቶቹ ተወላቸው። በ1850 ጸደይ ፉኮ ቀደመ፤ ብርሃን በውኃ ውስጥ እንደሚዘገይ አሳየ። ፊዞም ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ከመሣሪያ ሠሪው ብሬጌ ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ፉኮ ይህንኑ ሥራ በ1853 ለዶክትሬት ማዕረግ አቀረበው።

ፔንዱለሙ

በጃንዋሪ 1851 ፉኮ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በ2 ሜትር ሽቦ ጫፍ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የናስ ኳስ ሰቀለ። በመጀመሪያው ሙከራ ሽቦው ተበጠሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌሊት እንደገና ሞክሮ የኳሱ የመወዛወዣ አቅጣጫ ቀስ እያለ ሲዞር አየ። የሚዞረው ግን ፔንዱለሙ ሳይሆን የቤቱ ወለል፣ ማለትም መሬት ራሷ ነበረች።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪው ክፍል ብረቱ ላይ ነው። ሽቦው በአንድ ጎኑ ትንሽ ቢጠነክር ወይም የተያዘበት ቦታ እኩል ባይሆን ኳሱ ሞላላ መንገድ መሥራት ይጀምራል፤ ያኔ የመሬት ዙረትና የሽቦው እንከን አይለዩም። ኳሱ ሲለቀቅ በእጅ እንዳይገፋ በክር ታስሮ ይቆይና ክሩ በእሳት ይቃጠል ነበር።

በፌብሩዋሪ 1851 በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ አዳራሽ በ11 ሜትር ሽቦ ሙከራውን ለምሁራን አሳየ። በሚቀጥለው ወር፣ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በነበረው በሉዊ ናፖሌዎን ቦናፓርት ፍላጎት፣ በፓንቴዎን ጉልላት ሥር 67 ሜትር ሽቦና 28 ኪሎ ግራም ኳስ ተሰቀለ። ከኳሱ ሥር ያለው ሹል ጫፍ በየምልልሱ የተቆለለውን አሸዋ ትንሽ ትንሽ ይቆርጥ ስለነበር፣ ተመልካቹ ምንም መሣሪያ ሳያስፈልገው ለውጡን ያይ ነበር። ሕዝብ ጎረፈ። በዓመቱ መጨረሻ ፓንቴዎን ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ሲመለስ ትዕይንቱ ቆመ።

ፉኮ የዙረቱ ፍጥነት በቦታው ኬክሮስ ሳይን እንደሚወሰንም ተናግሯል። በፓሪስ አንድ ሙሉ ዙር ወደ 32 ሰዓት ይወስዳል፤ በምድር ዋልታ አንድ ቀን ያህል፤ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይዞርም። ለንጽጽር ያህል 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ባለችው አዲስ አበባ ቀመሩን ብናሰላው ፔንዱለሙ በሰዓት 2.4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይዞርና አንድ ዙር ለመጨረስ ስድስት ቀን ከስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በአገራችን ሙከራውን ልሥራ የሚል ተማሪ ትዕግሥትም በጣም ጥሩ ሽቦም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

በፓሪስ የነበሩ የሒሳብ ሊቃውንት ከዚህ በኋላ የሳይን ሕጉን በቀመር ለማረጋገጥ ተሯሯጡ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሒሳብ ካልተማረ ሰው መምጣቱ ለአንዳንዶቹ የሚዋጥ አልነበረም።

በ1852 ፉኮ ጃይሮስኮፕን ሠራ። ይህ በየአቅጣጫው በነጻነት በሚዞሩ ቀለበቶች መካከል የሚሽከረከር ከባድ መንኮራኩር ሲሆን፣ ያሠራው ጉስታቭ ፍሮማን በተባለ መሣሪያ ሠሪ ነው። መንኮራኩሩ በሚሽከረከርባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫውን ስለማይለቅ የመሬት ዙረት በማይክሮስኮፕ ይታይ ነበር። ስሙንም ዙረትንና ማየትን ከሚገልጹ ሁለት የግሪክ ቃላት አወጣለት።

የሚሞቀው የመዳብ ሳህን

በ1855 ናፖሌዎን ሦስተኛው ለፉኮ በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ የፊዚክስ ተመራማሪነት ቦታ አስፈጠረለት። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው። በሴፕቴምበር ደግሞ በኋላ ስሙን የተሸከመውን ሙከራ አሳተመ።

ሙከራው እንዲህ ነው። የመዳብ ሳህን በእጀታ እየተሽከረከረ ጠርዙ በአንድ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መግነጢስ ሁለት ዋልታዎች መካከል ያልፋል። መግነጢሱ ጠፍቶ ሳለ ሳህኑ ያለ ችግር ይዞራል። መግነጢሱ ሲበራ ሳህኑን የሚነካው ነገር ባይኖርም ወዲያው በማይታይ እጅ የተያዘ ያህል ይከብዳል። በግድ ማዞሩ ከቀጠለ ደግሞ ሳህኑ ይሞቃል። የአዙሪው ሰው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለወጠ ማለት ነው። ጉልበት አይጠፋም የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ገና በመስፋፋት ላይ ስለነበር ሙከራው ትልቅ ክብደት ነበረው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የሚሽከረከር መዳብ በመግነጢስ ላይ ኃይል እንደሚያሳድር አራጎ በ1824 አይቶ ነበር። ምክንያቱን፣ ማለትም በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚፈጠር፣ በ1831 ያስረዳው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው። ፉኮ የጨመረው ሙቀቱንና የጉልበቱን ሒሳብ ነው። ሆኖም በፈረንሳይኛና በሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ጅረቱ የሚጠራው በፉኮ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ የአዙሪት ጅረት ይባላል፤ በወንዝ ውስጥ እንዳለ አዙሪት በብረቱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ራሱ ስለሚመለስ ነው።

አንባቢው ይህን ጅረት ሳያውቀው አይቶት ይሆናል። በካርድ የሚሞላው ቆጣሪ ከመምጣቱ በፊት በየግድግዳው ላይ የነበረው የመብራት ቆጣሪ በውስጡ ምልክት ያለበት ቀጭን ሳህን ነበረው፤ ምጣዱ ሲጣድ ይፈጥናል፣ ሲነሣ ይዘገያል። ያ የአሉሚኒየም ሳህን የሚዞረው በዚሁ ጅረት ነው፤ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን የሚይዘውም በአጠገቡ ካለ ቋሚ መግነጢስ የሚመጣው ያው ጅረት ነው።

ስንጥቅን የሚያገኝ ጅረት

የፉኮ ጅረት ለምርመራ የሚውለው በቀላል ምክንያት ነው። ተለዋዋጭ ጅረት የሚያልፍበት ትንሽ የሽቦ ጥቅልል ወደ ብረት ሲጠጋ በብረቱ ገጽ ላይ የሚዞሩ ጅረቶች ይነሣሉ። እነዚህም በተራቸው ጥቅልሉን የሚቃወም መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ። ብረቱ ደኅና ከሆነ ጥቅልሉ በተንቀሳቀሰበት ሁሉ የሚሰማው ተቃውሞ አንድ ዓይነት ነው። ገጹ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ጅረቱ ስንጥቁን ዘሎ መሻገር አይችልም፤ ዙሪያውን ወይም በሥሩ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የተቃውሞው መስክ ይቀንሳል፤ በመሣሪያው ማሳያ ላይ ያለው ነጥብም ከቦታው ይወጣል። ብረቱ አይቆረጥም፣ አይፋቅም፤ ከሥራ የወጣው ለምርመራው ጊዜ ብቻ ነው።

ጅረቱ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል የሚለው በድግግሞሹ ይወሰናል። በመዳብ ውስጥ 50 ኸርዝ ላይ ጅረቱ የሚዘልቅበት ጥልቀት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሚሊዮን ኸርዝ ላይ ግን ከ0.07 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ የገጽ ስንጥቅ የሚፈልግ ሰው ድግግሞሹን ከፍ ያደርጋል፤ ከሥር ያለ ዝገት የሚፈልግ ደግሞ ይቀንሳል። ዘዴው ከቀለም ሥር ያለ ስንጥቅንም ያገኛል፤ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ባለ ቀለም ፈሳሽ ወይም የብረት ብናኝ በመርጨት የሚሠሩት ሌሎች ዘዴዎች ግን ብዙውን ጊዜ ቀለሙ መነሣት አለበት። ድክመትም አለው። ጅረት በማያልፍበት ፕላስቲክ ወይም ሴራሚክ ላይ አይሠራም። ስንጥቁ ከጅረቱ መንገድ ጋር ትይዩ ከሆነ ጅረቱ ሳይታወክ ያልፋል፤ ስለዚህ መርማሪው ጥቅልሉን በተለያየ አቅጣጫ ማስኬድ አለበት። ጥቅልሉ ከገጹ በጥቂቱ እንኳ ከተነሣ ምልክቱ ይለወጣል፤ ይህን ከስንጥቅ ምልክት መለየት ልምድ ይጠይቃል።

ፉኮ ራሱ ጅረቱን ለምርመራ አላዋለውም። ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ ዴቪድ ኤድዋርድ ሂውዝ በጥቅልሎች ሚዛን አማካይነት የተለያዩ ብረቶችንና ቅይጦችን መለየት እንደሚቻል በለንደን አሳየ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ደግሞ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፎርስተር የመሣሪያውን ንድፈ ሐሳብ አስፋፍቶ ወደ ፋብሪካ አስገባው። ዛሬ የአውሮፕላን አካል የተበሳሳባቸው የብሎንና የሪቬት ቀዳዳዎች፣ የሞተር ምላጮች፣ የኑክሌር ማመንጫ ቱቦዎችና የባቡር ሐዲዶች በዚህ መንገድ ይፈተሻሉ።

በዚህ ሥራ ምን እንዳለ የሚያሳየው የ1988 አደጋ ነው። በኤፕሪል 28 ቀን አንድ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ 95 ሰዎች ይዞ ሲበር፣ በ7,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የፊተኛው ጣሪያው 5 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በማዊ ደሴት አሳረፉት። አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ ያረፈ ነበር፤ በየበረራው አካሉ በአየር ግፊት ሲነፋና ሲሟሽሽ በሪቬቶቹ ዙሪያ ትናንሽ ስንጥቆች ተፈጥረው ተገናኙ። የሚያሳዝነው ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት የዚህ ዓይነት አሮጌ አውሮፕላኖች መጋጠሚያ በፉኮ ጅረት እንዲፈተሽ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት አዝዞ መሆኑ ነው። መሣሪያው ነበረ፣ ትእዛዙ ነበረ፤ ስንጥቆቹ ግን ሳይገኙ አለፉ። የአደጋው መርማሪዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሪቬቶችን አንድ በአንድ፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ መፈተሽ አሰልቺ መሆኑን በሪፖርታቸው አንሥተዋል። አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ በበሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ እንደነበርና ለማንም እንዳልተናገረችም በዚያው ሪፖርት ተመዝግቧል።

የቢላው ስለት

ፉኮ በከዋክብት መመልከቻው የተሰጠው ሥራ መሣሪያዎችን ማሻሻል ነበር። የዘመኑ ትልልቅ የመስታወት ቴሌስኮፖች ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ የብረት መስታወቶች ይከብዳሉ፣ በአየር እርጥበት ይጠቁራሉ። ሲጠቁሩ እንደገና መወልወል አለባቸው፤ መወልወሉ ደግሞ በብዙ ድካም የተገኘውን ቅርጽ ያበላሻል። በ1857 ፉኮ ብርጭቆን ቀርጾ በላዩ በኬሚካል ስስ የብር ሽፋን አለበሰው። ጀርመናዊው ሽታይንሃይልም ከእርሱ ጋር ሳይገናኝ ጥቂት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። ብሩ ሲጠቁር በአሲድ ታጥቦ አዲስ ይለበሳል፤ ከሥሩ ያለው የብርጭቆ ቅርጽ ግን አይነካም።

ችግሩ ቅርጹን ማወቅ ነበር። በሰም ወይም በመርፌ ነክቶ መለካት አይቻልም፤ የሚፈለገው ትክክለኛነት ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ያነሰ ነው፣ የሚነካ ነገር ሁሉም ገጹን ይጭረዋል። ፉኮ በ1858 ያገኘውና በ1859 በዝርዝር ያሳተመው መፍትሔ የሚያስፈልገው አንድ መብራት፣ አንድ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳና አንድ ቢላ ነው።

ጎድጓዳ መስታወት የኳስ ቁራጭ ከሆነ ከኳሱ ማእከል የተነሣ ብርሃን ሁሉ ወደዚያው ማእከል ይመለሳል። ፉኮ ከቀዳዳው የሚወጣውን ብርሃን በማእከሉ አጠገብ አስቀመጠ፤ የተመለሰው ጨረር በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ደግሞ የቢላውን ስለት ቀስ አድርጎ አስገባና ከስለቱ ጀርባ ዓይኑን አድርጎ መስታወቱን ተመለከተ። ገጹ እንከን የለሽ ከሆነ ጨረሮቹ በሙሉ በአንድ ነጥብ ስለሚያልፉ ስለቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቆርጣቸዋል፤ መስታወቱም እኩል ይደበዝዛል። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት እብጠት ወይም ጉድጓድ ካለ ግን ከዚያ የሚመለሰው ጨረር ወደ ጎን ያዘነብላል። ስለቱን አምልጦ ካለፈ ያ ቦታ ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ ስለቱ ላይ ካረፈ ይጨልማል። በውጤቱ የመስታወቱ ገጽ በጀምበር መጥለቂያ ከጎን ብርሃን እንደሚመታው መስክ ኮረብታና ሸለቆው ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ይህ ለምን ይህን ያህል እንደሚያጎላ በቁጥር ማየት ይቻላል። የኳሱ ማእከል ከመስታወቱ 3 ሜትር ቢርቅና አንድ ቦታ ላይ ገጹ በአንድ ሚሊዮንኛ ራዲያን ቢያዘነብል፣ የሚንጸባረቀው ጨረር በእጥፍ ስለሚያፈነግጥ ስለቱ ዘንድ ሲደርስ 6 ማይክሮ ሜትር ርቆ ያርፋል። በገጹ ላይ በምንም የማይታየው እንከን በርቀቱ ምክንያት በስለት የሚቆረጥ ሆነ። ጥሩ መርማሪ በዚህ መንገድ በአሥር ናኖ ሜትሮች የሚቆጠር ስሕተት ይለያል።

ፉኮ እንከኑ ያለበትን ቦታ ካየ በኋላ ያንን ቦታ ብቻ በትንሽ መወልወያ በእጁ እየነካካ ያስተካክል ነበር። ከኳስ ቅርጽ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ቴሌስኮፕ ወደሚፈልገው ፓራቦላ ያመጣዋል፤ ይወለውላል፣ ይፈትሻል፣ እንደገና ይወለውላል። እስከዚያ ድረስ የመስታወት ሥራ በአብዛኛው በሠሪው ዕድልና ስሜት የሚሄድ ነበር። በ1862 የተጠናቀቀው ባለ 80 ሴንቲ ሜትር መስታወት ወደ ማርሴይ ተወስዶ ተተከለ፤ ኤድዋር ስቴፋን በ1877 በስሙ የሚጠራውን የአምስት ጋላክሲዎች ስብስብ ያገኘው በዚህ ቴሌስኮፕ ነው።

በተመሳሳይ ሐሳብ አውጉስት ቶፕለር በ1864 በአየርና በብርጭቆ ውስጥ ያሉ የማይታዩ ልዩነቶችን በስለት ማየት እንደሚቻል አሳየ። ኧርንስት ማኽ በ1880ዎቹ የጥይትን የድምፅ ማዕበል ፎቶግራፍ ያነሣው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው የሃብል ቴሌስኮፕ ታሪክ ከዚህ ጋር መነሣት አለበት። ባለ 2.4 ሜትሩ መስታወት ጠርዙ ላይ በ2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። እርሱን የሚፈትሸው ውስብስብ መሣሪያ ራሱ በ1.3 ሚሊ ሜትር ተሳስቶ ተገጣጥሟል። ይበልጥ ቀላል የሆኑ ሌሎች ፈተናዎች ስሕተቱን አሳይተው ነበር፤ የተራቀቀው መሣሪያ ትክክል ነው ተብሎ ስለታመነ ግን ውጤታቸው ወደ ጎን ተባለ። ጥፋቱ የታረመው በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ተልከው ነው።

የብርሃን ፍጥነትና የመጨረሻ ዓመታት

በ1862 ፉኮ የሚሽከረከረውን መስታወቱን አሻሽሎ የብርሃንን ፍጥነት በክፍል ውስጥ ለካ። ያገኘው 298,000 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ፊዞ በ1849 ያገኘው ከ313,000 በላይ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው 299,792 ነው። ከዚህ ተነሥቶ የፀሐይን ርቀት ወደ 148 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አወረደው፤ እስከዚያ ድረስ 153 ሚሊዮን ያህል ተብሎ ይታመን ነበር።

ሮያል ሶሳይቲ በ1864 የውጭ አገር አባል አደረገው። የገዛ አገሩ የሳይንስ አካዳሚ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተወዳድሮ ሳይመርጠው ቆይቶ በ1865 ብቻ ተቀበለው። መዘግየቱ ከሒሳብ ትምህርቱ ማነስ፣ በጋዜጣ ከጻፋቸው ነቀፋዎችና ከንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ያም ሆኖ በ1865 የእንፋሎት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎችን ይሠራ ነበር፤ ከዚህም ገቢ ለማግኘት ተስፋ አድርጓል።

በ1867 እጁ መደንዘዝ ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሽባነቱ ተስፋፋ፤ መናገርም ማየትም እየተሳነው ሄደ። ምልክቶቹን ያጠኑ የኋላ ሐኪሞች ነርቭን የሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በሁለት እጆቹ ብቃት የኖረ ሰው በመጀመሪያ ያጣው እጆቹን ነበር። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1868 በፓሪስ ሲሞት 48 ዓመቱ ነበር፤ የተቀበረውም በሞንማርትር መካነ መቃብር ነው። ስሙ በኤፍል ግንብ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ ነው።

ጽሑፎቹና ማስታወሻዎቹ ተበታትነው ነበር። እናቱ አሰባስባ በ1878 በአንድ መጽሐፍ አሳተመቻቸው፤ የመዳቡ ሳህንና የቢላው ስለት የሥራ ዝርዝርም በዚያ ውስጥ ይገኛል።